ተቀምጣ የምታድረው እህቴ

ወደ ገዳሪፍ ለመዝናናት የሄደ ሰው አላውቅም። ሰሊጥ አጫጅ ይሄዳል፤ ነጋዴ ይሄዳል፤ ከአንዱ ጦርነት ሸሽቶ ሌላው ውስጥ የሚገባም ይሄዳል። እኔ የሄድኩት እህቴን ላመጣ ነው። ይህን የምጽፈው ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ፣ ያን አገር በዓይናቸው ለማያዩት ነው። ባለማየታችሁ ብዙ አትዘኑ። የሚታይ ነገር ፍለጋ የሄደ ሰው ሜዳ አይቶ ይመለሳል።

እህቴ ትርንጎ ታላቄ ናት። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በዚያ በረሃቡና በጦርነቱ ዘመን፣ ከባሏ ጋር ሱዳን ገባች። ባሏ እዚያው ሞተ። እሷ ካርቱም ውስጥ ሻይ እየሸጠች አንድ ልጇን ምሕረትን አሳደገች። ያሁኑ ጦርነት ካርቱም ሲገባ እናትና ልጅ ወደ መደኒ ሸሹ፤ መደኒም ሲደርስባቸው በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ኒው ሀልፋ አቀኑ። ምሕረት አስም ነበረባት። አቧራው በዛ፤ መድኃኒቱ አለቀ። መኪናው ላይ፣ ራሷን እናቷ ጭን ላይ እንዳደረገች ሞተች። ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች በመንደራቸው ቀበሩላት።

ይህን ያህሉን ያኔውኑ በስልክ ሰምቻለሁ፤ አልቅሻለሁም። ዘንድሮ ግን እህቴ አሁን ከምትኖርበት ከሾዋክ አንዲት ጎረቤቷ ደውላ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እህትህ ልጇ ከሞተች ወዲህ ተጋድማ አታውቅም አለችኝ። ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታድረው። እግሮቿ እንደ እንስራ አብጠዋል። የጤና ጣቢያው ሐኪም ተጋድመሽ እግርሽን ከፍ ካላደረግሽ ደም ይረጋብሻል፣ እግርሽን ታጫለሽ፣ ከባሰም ትሞቻለሽ ብሏታል። እሷም እሺ ብላ ሄዳ፣ ያን ሌሊትም ተቀምጣ አደረች።

ጎረቤቷ ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ተስፋ ጨመረችልኝ፤ ሐዘንን በሰውነት በኩል የሚያክሙ ሴቶች ሾዋክ መጥተዋል፣ እህትህም ትሄዳለች አለች።

ስለዚህ ሕክምና አንብቤያለሁ። ድንጋጤና ሐዘን አንገት ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል ይላል፤ ስለዚህም በወሬ ብቻ አይወጣም፣ በትንፋሽ፣ መሬት በመርገጥ፣ በመንቀጥቀጥ እንጂ። እኔ ሁለት ዓይነት ሰዎችን አልወድም። አንደኛዎቹ ከውጭ የመጣውን ሁሉ የሚሳለሙ ናቸው፤ ሁለተኛዎቹ ይሄማ አባቶቻችን ዘንድ ድሮም ነበር የሚሉ። ይህ ሕክምና ሁለቱንም ወገን አንድ ላይ ስላስደሰተ፣ ገና ሳላየው ጠላሁት።

ሰኞ፤ ከጎንደር መተማ

ከአይከል በኋላ መንገዱ ይወርዳል። መጀመሪያ ሹራብ ይወልቃል፣ ከዚያ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል፣ ከዚያ ትሕትና ያልቃል። ጎንደር ላይ «ይቅርታ፣ ላሳልፍዎ» ሲለኝ የነበረው ጎልማሳ፣ ነጋዴ ባህር የምትባለው ከተማ ስንደርስ በክርኑ ይገፋኝ ጀመር።

ኬላ በበዛበት መንገድ አንድ ነገር አየሁ። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ፈታሹ «እጅ ወደ ላይ» አለን። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። አውቶቡሱ ሲቆም ተሳፋሪው እየወረደ፣ እያወራ፣ ክንዱን ያነሣል። የኔም ክንድ ተነሥቶ ያገኘሁት ስለ ጤፍ ዋጋ እየተከራከርኩ ነው። ሐሳቡን አልወደድኩትምና ወደ ጤፉ ተመለስኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሙጬ የሚባል የደንቢያ ሰው ነበር፤ ሱዳን ገብቶ ባሱንዳ በኩል ሰሊጥ ሊያጭድ የሚሄድ። በየዓመቱ ይሄዳል። ዘንድሮ ጓደኞቹ ፈርተው ቀርተዋል፤ እሱም ፈርቷል፣ ግን ፈርቶ መሄድን መርጧል።

«ጋሼ፣ አንቱ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

እጽፋለሁ አልኩት።

«ማመልከቻ?»

«አይደለም፤ ጋዜጣ ላይ። የመሰለኝን።»

ትንሽ አሰበና «ማን ጠይቆዎት?» አለ።

ይህን ያህል ዘመን ስጽፍ ከአዘጋጆቼ አንዳቸውም ያላነሡት ጥያቄ ነው። ዳቦዬን አካፈልኩት።

መተማ ስንደርስ ከሙቀቱ የተነሣ የጫማዬ ሶል ተላቆ እንደ ምላስ ወጣ። ሙጬ ከሻንጣው የሰሊጥ ነዶ የሚያስርበትን ገመድ አወጣና፣ ተንበርክኮ፣ ጫማዬን እንደ ነዶ ጠፍሮ አሰረልኝ። ያደርንበት ቤት ባለቤት ጫማዬን አይታ እስክትደክም ሳቀች፤ ስትጨርስ እግሬን የምታጠብበት ውኃ ራሷ አመጣችልኝ። ጎንደር ውስጥ አልጋ የሚያከራይ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎልኝ አያውቅም። ጎንደር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጫማ አድርጌም አላውቅ።

ማክሰኞ፤ ገዳሪፍ

ድንበሩን በእግር ነው የሚሻገሩት። ለእህቴ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዤ ነበር። ሱዳን በኩል፣ ገላባት ላይ፣ አንዱ ወታደር የበርበሬውን ላስቲክ ከፍቶ አሸተተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያህል፣ ኬላው ለጊዜው ሥራ አቆመ። ዓይኑ በርቶ፣ እያነጠሰ፣ በርበሬውን በዓረብኛ «ሸጣ! ሸጣ!» እያለ ለጓደኞቹ አሳየ፤ እነሱም ለማረጋገጥ በየተራ አሸተቱ። ከዚያ ወዲያ ሻንጣዬን የነካ የለም። አንደኛው እንዲያውም «ያ ኣሚ» ብሎኝ፣ አጎቴ ማለቱ ነው፣ ሃፍላ የሚሉት ሚኒባስ ድረስ ሸኘኝ።

መንገዱ ዋልካ መሬት ነው፤ ጥቁር፣ የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ ጠፍጣፋ። የኛ አገር ሰው ዓይኑ ተራራ ስለለመደ የሚደገፍበት ያጣል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ በየእርሻው ቆሟል። ሙጬ ባሱንዳ መገንጠያ ላይ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ነዶው ለምን እንደሚቆም አስረዳኝ፤ ተጋድሞ ከደረቀ ፍሬው መሬት ላይ ይበተናል አለ። ጫማዬን ለመጨረሻ ጊዜ ጠበቅ አድርጎልኝ ሄደ። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ በአማርኛ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ብቻውን የሚኖር ሰው ዝምታን የለመደ ይመስለዋል፤ የለመደው ግን ቢናገር የሚሰማው ሰው ያለበትን ዝምታ ነው።

ገዳሪፍ ትልቅ ከተማ ናት፤ አሁን ደግሞ ከየጦር ሜዳው የሸሸው ሁሉ ስለገባባት ከልኳ በላይ ናት። ትምህርት ቤቶቹ ግቢ ውስጥ ታጥቦ የተሰጣ የስደተኛ ልብስ ሞልቷል። ያደርኩት ሎካንዳ በሚሉት ማደሪያ፣ ግቢው መካከል፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተደርድሬ ነው። አልጋው ዓንገሪብ ይባላል፤ እንጨቱ ላይ ገመድ የተጠላለፈበት፣ የኛን የጠፍር አልጋ የሚመስል። ለጎንደር ሰው አንገረብ ወንዝ ነው፤ እዚህ መኝታ ነው። የበላሁት ኪስራ ደግሞ እንጀራችንን ይመስላል፤ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ ግን ወጡን ከመያዙ በፊት በእጄ ላይ ያልቅ ነበር። ይህን አይቶ ጎረቤቴ፣ አንድ የሸመገለ ሱዳናዊ፣ ኪስራውን ደራርቦ በእጄ አስያዘኝ።

ረቡዕ፤ ሾዋክ

ሾዋክ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ አውቶቡስ፣ ገበያ፣ የስደተኞች ቢሮ። እህቴ የምትኖረው ከገበያው ጀርባ፣ በሣር በተሠራች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች፤ እግሯ አልታዘዝ አለ።

«ወንድማለም፣ ሸበትህ እኮ» አለች።

«እታለም፣ አንቺስ» ብዬ ጎንበስ ስል አንገቴን ይዛ ብዙ ቆየች።

ከዚያ አቀማመጧን አየሁ። ጀርባዋ ግድግዳው ላይ፣ ቀኝ እግሯ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ የሆነ ነገር እንዳይወድቅ የያዘች ይመስላል። ስትስቅም፣ ስታዝንም፣ አንዷን ሱዳናዊት ጎረቤቷን በዓረብኛ ስትጠራም እጁ ከዚያ አይነሣም። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ አለ፤ የተነጠፈ፣ የተወጠረ፣ ማንም ያልተኛበት። የሱዳን አልጋ ነው፤ ሌላ ዓይነት ገበያው ላይ የለም። እኔን እዚያ ላይ አስተኛችኝ፤ እሷ እንደ ልማዷ።

ጎንደር እንሂድ አልኳት። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሐኪም አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። የመጨረሻውን ያልኩት ለማሳመን ነበር፤ ስናገረው ግን እውነት መሆኑን ሰማሁት።

«ልጄን ማን ላይ ጥዬ?» አለችኝ። በርበሬውን ከፍታ አሸተተች፤ እሷ አላነጠሰችም።

ሐሙስ፤ ሾዋክ

ሕክምናው የሚካሄደው ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ነው። ወንድ አይገባም ስለተባለ ከአጥሩ ውጭ በርጩማ ተሰጠኝ፤ ያውም ጀርባዬን ለሴቶቹ ሰጥቼ። ስለዚህ ይህን ክፍል አላየሁትም፤ ሰማሁት።

የምታሠራቸው ኢልሃም የምትባል ከካርቱም የሸሸች ሱዳናዊት ናት፤ ቀድሞ የተሰበረ እጅና እግር የማሸት ሙያ ነበራት፣ ይህንኛውን የተማረችው በኋላ ነው። ወደ አማርኛ የምትመልስላት ሰላም የምትባል ሾዋክ ያደገች ወጣት ናት፤ ዓረፍተ ነገሩን በአንዱ ቋንቋ ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች።

«ያላ፣ በሉ፣ እግራችሁን መሬቱ ላይ ገፋ አድርጉ። ሹዋያ ሹዋያ፤ ቀስ። መሬቱ ይገፋችኋል? ኻላስ፣ በቃ፤ አሁን ትንፋሻችሁን ልቀቁት፤ ሲወጣ ይርዘም።»

ግድግዳ በመዳፍ ገፉ። አንገታቸውን ቀስ አድርገው እያዞሩ ያዩትን ነገር ስም ጠሩ፤ ጀሪካን፣ ዶሮ፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ «የትርንጎ ወንድም ጀርባ።» ከዚያ ቆመው ጉልበታቸውን እያንቀጠቀጡ ሰውነታቸውን እንዲያራግፉ ተነገራቸው። ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ እናንተ፣ ሰው ቢያየን ዛር ወረደባቸው ይለናል» አለች፤ ሌላዋ «ለኔ ከወረደልኝ ሽቶ ነው የምጠይቀው» ብላ መለሰች። ሳቁ እየጨመረ ሄዶ መካከሉ ላይ የአንዲቱ ሳቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። ልቅሶው ረዥም አልነበረም። ሲያበቃ «ውኃ ስጡኝ» አለች፤ በሰጠኋት ብዬ ተመኘሁ።

መጨረሻ ላይ ሰሌን ተነጠፈና ተጋደሙ ተባሉ። ሁሉም ሲጋደሙ የልብስ ኮሽታ ሰማሁ። ኢልሃም ወደ እህቴ መጥታ መቀመጧን ድምጿ ከአጥሩ አጠገብ ሲመጣ ዐወቅሁ። ተጋደሚ አላለቻትም። እምቢ የሚለው የት ጋ ነው ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ጀርባዬ ላይ አለች።

«ሲት ኢልሃም፣ ለምን ብለሽ አትጨቅጭቂው ትላለች፤ የት እንደሆነ ብቻ ዕወቂው፣ አብረሽው ተቀመጪ» አለች ሰላም።

ይህ አናደደኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለምን እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሴቶቹ ሲበተኑ ኢልሃምን ለብቻዋ አገኘኋትና ያዘጋጀሁትን ክርክር ጀመርኩ። እሷ ግን የምትከራከር ሰው አልሆነችም። አንዳንዷን ይረዳታል፣ አንዳንዷን አይረዳም፤ የማይረዳትን አላስገድድም አለች በሰላም በኩል። አንቺንስ አልኳት። እኔ አሁንም በር ሲጋጭ ጥርሴን እነክሳለሁ አለችና፣ መንጋጋዋን ዳሰስ አድርጋ ፈገግ አለች። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ከባድ ነው። ክርክሬን ይዤው ተመለስኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ እህቴ ክንዴን ተደግፋ ነበር። ኢልሃም አትጠይቅ ያለችውን ጠየቅሁ። ለምን? ጭነት መኪናው ትዝ እያለሽ ነው? ከመኪናው ገና አልወረድሽም? መጽሐፎቹ እንዲያ ነበር የሚሉት፤ እግሯም፣ ጭኗ ላይ ያለው እጅም እንዲያ ነበር የሚመስለው።

ቆመች። «መኪናው አይደለም» አለች። «መኪናው ላይ እኮ ልጄ አብራኝ ነበረች።»

ከዚያ ነገረችኝ።

«የቀበሩልኝ ሰዎች ደግ ናቸው፤ ስነግርህ ክፉ እንዳታስብባቸው። ቤታቸው ያለው አልጋ አንድ ነበር። ምሕረትን በሱ ላይ ተሸክመው ወሰዷት። የነሱ ወግ ነው፤ በአልጋ ይሸከማሉ። እኔ አልጋው እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ውኃ ረጩበት፣ ጨርቅ አነጠፉበት፣ ከዚያ እኔን፣ ደክሞሻል፣ በይ ጋደም በይ አሉኝ።»

በኛ በኩል ሬሳ የወጣበት ቃሬዛ ወደ ቤት አይመለስም። እንጨቱ ይፈታል፤ መቃብሩ ዳር ይቀራል። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ሲደረግ እያየን ነው ያደግነው። ለዚያ መንደር ሰዎች ደግሞ አልጋው አልጋ ነው፤ የሞተውን ያደርሳል፣ የቆመውን ያሳርፋል።

«ታዲያ እምቢ አላልሽም?» አልኳት።

«እንዴት ብዬ? ልጄን ቀብረውልኝ? ተጋደምኩ። ገመዱ ረግቦ ነበር፣ ወንድማለም። የሷን ቅርጽ ይዞ ነበር። እዚያ ውስጥ ገባሁ። ስነሣ ጀርባዬ ከእንግዲህ አይሆንም አለ።»

ነገሩ ተነገረ፤ ምክንያቱ ታወቀ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የተሰወረ ምክንያት ሲገለጥ ሸክም ይወርዳል ብሎ ያምናል፤ እኔም አመንኩ። ያን ማታ አልጋውን ለሷ ትቼ ምድር ላይ አነጠፍኩ። እህቴ ግድግዳዋን ተደግፋ ተቀመጠች። ምንም አልተለወጠም።

አርብ፤ ከኒው ሀልፋ ወዲህ ያለ መንደር

ሄጄ መቃብሯን ልይና ከዚያ እነግርሃለሁ አለችኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ ወይ እቀራለሁ ማለቷ ነው። ቦክስ የሚሏትን ፒክአፕ ተከራይተን ሄድን። አንድ ግድብ ካለፍን በኋላ ምድሩ ሌላ ሆነ፤ ቦይ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አረንጓዴ። ከሾዋክ ከመጡ በኋላ እንዲህ ያለ አረንጓዴ ማየት፣ ከጎንደር ዝናብ መሐል ፀሐይ እንደማየት ነው። እህቴ ግን የምታየው ቤት ቤቱን ነበር፤ የትኛው እንደሆነ።

ምሕረትን የቀበሩልን ሐጅ እድሪስና ሚስቱ ሐጃ ዘይነብ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሐጃ ዘይነብ እህቴን አቀፈቻት። ሰው ከመጠየቁ በፊት ውኃ፣ ከውኃው በኋላ አሲዳ ቀረበ፤ ገንፎ በሉት፣ በቅቤ ፈንታ ሙላሕ የሚሉት ወጥ የሚፈስበት። ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን። ከነሱ መቃብሮች ጫፍ፣ ትንሽ ነጠል ብሎ፣ በድንጋይ የተከበበ አፈር ነው። ሐጅ እድሪስ ክርስቲያኖች ራስጌው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ስላላወቅሁ ምንም አላደረግሁም አለ፤ እናቷ ስትመጣ ታድርግ ብዬ ቦታውን ትቼዋለሁ። እህቴ ይህን ስትተረጉምልኝ ድምጿ አልተሰበረም። አፈሩን በመዳፏ ደልደል አደረገችው፤ አልጋ እንደሚያነጥፍ ሰው።

ቀትር ሆነ። በዚያ ሙቀት መንደሩ ሁሉ ይጋደማል። ሐጅ እድሪስ ጥላው ሥር አልጋ አውጥቶ፣ ጨርቅ አንጥፎ፣ «ተፈደል፣ ያ ኡስታዝ» አለኝ፤ ይረፉ መምህር እንደ ማለት ነው። ወንድ እንግዳ ነኝ፤ ክብሩ የኔ ነው። እህቴን አየኋት። ዓይኗን ከአልጋው አላነሣችም። መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ያው አልጋ ነው።

እኔ እንግዲህ በጥንቆላ፣ በሟርት፣ በዓይነ ጥላ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንጨት እንጨት ነው፤ ገመድ ገመድ ነው። ይህን ሁሉ ለራሴ እየነገርኩ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ልጋደም ስል ጀርባዬ አልወርድም አለ። አላጋነንኩም፤ ወገቤ እንደ በር ማጠፊያ መካከሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያነበብኩትን ሁሉ ጭንቅላቴ ነበር ያነበበው። ጀርባዬ አንድም መስመር አላነበበም፤ ያደገው መቃብር ዳር ቃሬዛ ሲፈታ እያየ ነው።

ሐጅ እድሪስ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። እህቴ ታያለች። ሌላ የማውቀው ነገር ስለጠፋኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ የሰማሁትን አደረግሁ። እግሬን መሬቱ ላይ ገፋሁ። ትንፋሼን ለቀቅሁ፤ ሲወጣ እንዲረዝም። አካባቢዬ ያለውን በልቤ ስም ጠራሁ፤ ገመድ፣ የቀበቶዬ ዘለበት፣ ጥላ፣ ትርንጎ። እንደገና ገፋሁ። ቀስ እያልኩ፣ መጀመሪያ ክርኔ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ወረድኩ። ገመዱ ከተወጠረ ቆይቷል፤ የማንም ቅርጽ የለውም። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሆነውን አላስታውስም፤ የዚህ ሁሉ መንገድ ድካም አንድ ላይ ወሰደኝ።

ስነቃ ጥላው ዞሮ ፀሐይ እግሬን ይዛዋለች። እህቴ እግሬ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ስትጠብቀኝ ቆይታለች። ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት አሁን ገና እየለቀቀ ነበር።

«ተነሣህ» አለች።

«ተነሣሁ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አይ፤ ምንም» አለች። እጇ ከጭኗ ተነሥቶ የአልጋውን እንጨት ይዟል። ገመዱን በጣቷ ጫን፣ ለቀቅ፤ ጫን፣ ለቀቅ አደረገችው። የሐጃ ዘይነብ ሙላሕ ላይ ጨው በዝቷል ወይስ የኔ አፍ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጨው በዝቷል አልኳት።

ማምሻውን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ሐጃ ዘይነብ እያወራቻት እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወሬው ረዘመ። እኔ ከሐጅ እድሪስ ጋር፣ ሁለታችንም የማንግባባበትን ነገር በእጅ እያወራን፣ ፍየሎቹን የምናይ መስለን ጀርባችንን ሰጠናቸው። ዞር ስል እህቴ በጎኗ ተጋድማለች። እግሯ ከአልጋው ውጭ ተንጠልጥሏል፤ እንደሚሸሽ ሰው። ግን ጎኗ ገመዱ ላይ ነው። ሐጃ ዘይነብ ወሬዋን አላቋረጠችም፤ አላወቀችም ይሆናል፣ ወይም በጣም ዐውቃለች።

ከዚያ እህቴ ተነሥታ መጥታ ነገረችኝ። ሐጃ ዘይነብ እዚሁ ከኛ ጋር ተቀመጪ ብላታለች፤ አንድ ክፍል አለ፣ ጤና ጣቢያም ቅርብ ነው።

«ጎንደር ሄጄ የማን ጎረቤት ልሆን ነው?» አለች። «እዚህ ልጄ አለች። ራስጌዋ ላይ መስቀል አደርጋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት አያታለሁ። አትቀየመኝ፣ ወንድማለም።»

አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ሰው ቢኖር ራሴ ነበርኩ፤ ቤቴ ውስጥ ክፍል አጽድቼ፣ መጋረጃ ቀይሬ ነበር የመጣሁት፤ ለእግሯ ብዬ። መጋረጃው ለማን እንደነበር እዚያ ነው የገባኝ። ጠዋት ልሸኝህ እነሣለሁ፣ ሻይህን ሳትጠጣ እንዳትሄድ አለችኝ።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

ጠዋት መኪናው መጣ። እህቴ አልተነሣችም ነበር።

አልጋው ላይ፣ ግቢው መካከል፣ በጀርባዋ ተኝታለች። ሐጃ ዘይነብ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ከእግሯ ሥር አድርጋላታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ታንኮራፋለች። ዶሮ አጠገቧ ጮኸ፣ አልሰማችም። ፀሐይ ፊቷ ላይ ወጣች፣ አልተሰማትም። ሐጃ ዘይነብ ላስነሣልህ ወይ የሚል ምልክት በእጇ ሰጠችኝ። ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። የምንነጋገረው በእህቴ በኩል ስለነበር፣ የቀረን ቋንቋ እሱ ብቻ ነው። ድርቆሹን ከራስጌዋ አኖርኩላት። ሻዬን ሐጃ ዘይነብ አፍልታ ሰጠችኝ፤ ቆሜ ጠጣሁ። አልስማትም ብዬ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ልነካ ስል ትንፋሿን ሰማሁና ተመለስኩ።

ሹፌሩ እንደ ልማዱ ተሳፋሪ ለመጥራት ክላክሱ ላይ እጁን ሲሰድ ያዝኩት። ደንግጦ አየኝ። ወደ አልጋው አመለከትኩት። ሐጅ እድሪስ ነገሩን ከኔ ቀድሞ ተረዳ፤ በዓረብኛ ጥቂት ቃል አንሾካሾከ፣ ሹፌሩም ማርሹን ነጻ አደረገ። ሐጅ እድሪስ ከአንድ ጎን፣ እኔ ከሌላው፣ መኪናዋን ከኋላ ገፋናት። የቦዩ ዳር መንገድ አሸዋማ ነው፤ ጎማው ድምፅ የለውም። ገፋናት። የኔና የሐጅ እድሪስ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሣው የመንደሩን መጨረሻ ቤት ካለፍን በኋላ ነው።